ፊቱን ያጣው ፈረሰኛ

የቆጮ ጉድጓድ ሲከፈት የሚወጣውን ሽታ ለማያውቀው ሰው ባስረዳው አይገባውም፣ የሚያውቀው ደግሞ ማስረዳት አያስፈልገውም። ባለፈው ቅዳሜ በሆሳዕና ገበያ ጫፍ ሳልፍ አንዲት ሴት በእንሰት ቅጠል የጠቀለለችውን ቆጮ ስትፈታ ያ ሽታ መጣብኝና ቆሜ ቀረሁ። ከስልሳ ዓመት በፊት በአንድ የመስቀል ሰሞን በቤታችን ጓሮ ማን የት ቆሞ እንደነበር አንድ በአንድ ታየኝ።

እናቴ ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጎንበስ ብላ ነበር። አባቴ በጉድጓዱ ራስጌ፣ የእሑድ ኮቱን ሳያወልቅ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ወዳጁ ጋሽ ጴጥሮስ ከአባቴ በስተቀኝ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል። የአጎቴ ልጅ አስቴር አዲስ የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል በሁለት እጇ ታቅፋ ከእናቴ ፊት ለፊት ነበረች። እኔ ከሁሉም ኋላ፣ የቤቱን ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከቆጮ ሌላ ነገር እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው።

አባቴ የታሪክ መምህር ነበር። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሻንጣው አልዘጋ ብሎት ይሁን ወይም አባቴን ወዶት፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሰጥቶት ሄደ። በቆርቆሮው ውስጥ ቁመታቸው ከጣት የማይበልጥ ዐሥራ አንድ የብረት ወታደሮችና አንድ ዝሆን ነበሩ፣ ከሥራቸውም ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ የሚያስረዳ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረ። ወታደሮቹ የዛሬ ዘመን ወታደሮች አልነበሩም። ግማሾቹ የጥንቷ ሮም፣ ግማሾቹ የጠላቷ የካርቴጅ ነበሩ፣ ዝሆኑም የካርቴጅ ነበር። አባቴ መዝገበ ቃላት ይዞ መጽሐፉን በሁለት ደብተር ላይ ተረጎመው። በዐሥራ አንድ ሰው ጦርነት ስለማይሆን የቀረውን ከዋንዛ እንጨት በሰንጢ እየቀረጸ ይጨምር ጀመር፤ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ሮም ስልሳ ወታደር፣ ካርቴጅም ሃምሳ ያህል ነበራት።

እሑድ እሑድ እኛ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ጋሽ ጴጥሮስም ከካቶሊኮቹ ቅዳሴ ወጥቶ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። የዱራሜ ሰው፣ ከምባታ፣ በከተማችን ክሊኒክ ቁስል የሚያክም ድሬሰር ነበር። አባቴ የፈተና ወረቀት የሚያርምበትን ጠረጴዛ መሀል ቤት ስቦ፣ ጥቂት ጣባዎች ደፍቶ፣ አረንጓዴ የተነከረ ጆንያ በላያቸው ያለብስና ኮረብታ ያደርጋቸው ነበር። ከዚያ ርቀቱን በሸምበቆ ስንጣሪ እየለኩ፣ ወታደሮቻቸውን እየገፉ፣ ነጥብ የተቀባበት ባለ ስድስት ፊት አጥንት እየጣሉ ሲዋጉ ይውሉ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬስ ሮምን ለማን ልትሰጣት ነው?» ይላል ጋሽ ጴጥሮስ ገና ከበር።

«ሮም የእናንተ ናት፣ ጳጳሱም እዚያው አይደሉ። እኔ ዝሆኔ ይበቃኛል» ይላል አባቴ።

«ባለፈው እሑድም ዝሆን ነበረህ። ዞሮ የራስህን ሰው ረገጠ እንጂ ምን ፈየደልህ?»

ቀለም መቀባት የእኔ ሥራ ነበር። ነጩን ከተፈጨ ጠመኔ፣ ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥቀርሻ፣ ቡኒውን ከጓሯችን አፈር እናዘጋጅ ነበር፤ ሐምራዊው ጋሽ ጴጥሮስ በትንሽ ጠርሙስ የሚያመጣው ጂቪ የሚባል የቁስል መድኃኒት፣ ቀዩም ሌላ ቁስል የሚቀባ መድኃኒት ነበር። ሁሉንም በእንቁላል አስኳል እንለውሰው ነበር። ልብሱንና ጋሻውን አባቴ ራሱ ይቀባና ፊቱን ለእኔ ይተውልኝ ነበር፤ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የሮምንም የካርቴጅንም ዓይን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እኔ አንድ ልጁ ነበርኩ፣ ከእኔ በፊት የተወለዱት አልቆዩም፣ ሆኖም ከጎኔ የሚቀመጠው በዚያ የቀለም ሰዓት ብቻ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ክርናችን ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ሁለታችንም ዝም ብለን እንቀባ ነበር። ከዚያ የሚሻል ነገር በዓለም ላይ አለ ብዬ አላስብም ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ፣ በሰኔ፣ አስቴር ከሀቢቾ በጋሪ መጣች። አባቷ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር፤ እሱ ቀድሞ ሞቶ፣ በዚያ ዓመት እናቷም ተከተለችው። ዝናቡ ጋሪውን እስከ ግማሽ ጎማው ጭቃ አስገብቶት ስለነበር አባቴ ወጥቶ አቅፎ አወረዳት። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ። እኔን አቅፎ ማውረድ ያስፈለገበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩና አጣሁ።

«እህትሽ ናት» አለኝ አባቴ።

«እሺ» አልኩ።

አንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በግራ እጇ የምትሠራ። እናቴ አልጋዬን ለሁለት ከፈለችው። ሌሊት ሌሊት ስትተነፍስ እሰማትና እኔ እስትንፋሴን እይዝ ነበር፣ ለምን እንደማደርገው ግን አላውቅም።

በክረምቱ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ አባቴ የሚቀርጸው ያኔ ነበር። በዚያ ክረምት ለካርቴጅ ፈረሰኞች ይሠራላት ጀመር። በመጽሐፉ ላይ ከካርቴጅ ጋር የተሰለፉ፣ ፈረሳቸውን ያለ ልጓምና ያለ ኮርቻ የሚጋልቡ ሰዎች ነበሩ፤ አባቴ እነሱን ሲያነብ ድምፁ ይለወጥ ነበር፣ ምክንያቱም አባቱ በሌሞ የታወቀ ጋላቢ ስለነበር። የመጀመሪያውን ፈረስ ቀርጾ በጠረጴዛው ላይ ሲያቆም እኔ «ያምራል» አልኩ። አስቴር ጥቂት አየችው።

«የአባዬ ፈረስ ሲቆም አንድ የኋላ እግሩን ያሳርፍ ነበር» አለች። «በአራቱም አይቆምም።»

አባቴ ፈረሱን አንሥቶ አገላበጠው። ከዚያ ለምድጃ ወረወረውና አዲስ እንጨት አነሣ። ማታ ላይ አዲሱ ፈረስ አንድ የኋላ እግሩን አሳርፎ፣ የሚተነፍስ መስሎ ቆመ። «አየሽ?» አለ አባቴ፣ ያለው ግን ለእኔ አልነበረም። ያን ቀን ራት አልበላሁም፣ እናቴም ሆዴን የቆረጠኝ መስሏት ነጭ ሽንኩርት አስኘከችኝ።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ የቀለም ጊዜ ሆነ። ብሩሻችን ከዶሮ ላባ ነበር። አስቴር አንድ ጠዋት ወደ ጎረቤት በረት ሄዳ ከጥጃ ጆሮ ውስጥ ጥቂት ፀጉር ቆርጣ መጣች፣ በሰንበሌጥ ጫፍ ላይ አስራ እንደ መርፌ የቀጠነ ብሩሽ ሠራች፤ አባቷ የጋሻ ጌጥ ሲቀባ እንዲህ ያደርግ እንደነበር ተናገረች። አባቴ «እስኪ ሞክሪው» ብሎ አንድ እግረኛ ሰጣት።

ያን እግረኛ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። እኔ ስቀባ ዓይን ማለት ሁለት ጥቁር ነጥብ ነበር። እሷ በመጀመሪያ ነጩን አድርጋ፣ በነጩ ላይ ጥቁሩን ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን አሳርፋ፣ ከላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቅንድብ ሰደደችበት። ሰውየው ወደ አንድ ነገር ዞሮ ተመለከተ። አባቴ ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆየና፣

«ይኼ ያያል» አለ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ወታደሮች አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታው ምስጋና ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በመስኮቱ ሥር ሦስት ወንበር ተደረገ፣ መሀለኛው የአስቴር ነበር። አባቴ ክፉ ሰው ስላልነበረ ነገሩን በለዘብታ ሊያደርገው ሞከረ። «ዓለሚቱ፣ አንቺ ጋሻውንና የፈረሶቹን ጭራ ያዢልኝ፣ ለጭራ የሚሆን ጥሩ እጅ አለሽ» አለኝ። የፈረሶቹን ጭራ የምንሠራው ከእንሰት ከሚወጣው ነጭ ቃጫ ነበር። እየፈተልኩ፣ እየቆረጥኩ፣ በሙጫ እለጥፍ ነበር። ሦስተኛው ወንበር ላይ ሆኜ የሁለቱን ጀርባ አያለሁ፣ የሚያወሩትን እሰማለሁ፤ እሷ ዝምተኛ ነበረች፣ እሱም ዝምተኛ ነበር፣ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ያወሩ ነበር። ስለ ሀቢቾ፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ሞቱ ፈረሶች። እኔ የማውቃቸው ነገሮች አልነበሩም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሴቶቹ እንሰት ይፍቁ ነበር። ጎረቤቶች ተሰብስበው፣ በሳንቃው ላይ ቅርፊቱን ዘርግተው፣ በቀርቀሃ ሲፍቁት ጓሮው በሙሉ በአንድ ድምፅ ይሞላል፣ ቃጫው በአንድ ወገን፣ ለቆጮ የሚሆነው በሌላ ወገን ይከመራል። እናቴ ጉድጓዱን በቅጠል አልብሳ ትሞላውና፣ በቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ትጭንበት ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቀመጣል። እናቴ አንዳንዴ መሬቱን በእግሯ መታ መታ እያደረገች «እዚህ የገባ አይበላሽም» ትል ነበር። እኔም ይህን ሰምቼ ያደግሁ ነኝ።

ቃጫ ስለበዛ ልጆቹ ሁሉ ገመድ እንገምድ ነበር። እኔ ደብተሮቼን የማስርበት የራሴ ቋጠሮ ነበረኝ፤ ቃጫውን ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ ጫፉን ወደ ኋላ አሾልኬ፣ ከሥር እደብቀው ነበር። ማንም አላስተማረኝም። እናቴ «ይህን የሚፈታው ያሰረው ብቻ ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቴ የፈረሰኞቹን አዛዥ ጨረሰ። ክረምቱን ሙሉ ሲቀርጸው የከረመ ነው። ፈረሱ እግሩን አሳርፎ፣ ሰውየው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከጦሩ በፊት ብቻውን የሚቆም ነበር። አስቴር ፊቱን ለመቀባት ሁለት ቅዳሜ ፈጀባት። ሲያልቅ አባቴ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየውና ተነሥቶ ወጣ፣ በጓሮው ሲመላለስ ቆየ። ፊቱ የወንድሙ ፊት ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ እሑድ መጥቶ ሲያየው ባርኔጣውን አወለቀ።

«መምህር፣ ይኼን ሰው በአጥንት ውርወራ ልገድለው አልደፍርም» አለ።

«እንዳትደፍር» አለ አባቴ።

ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ጓሮ ሳለ ገብቼ አዛዡን ከመደርደሪያው አነሣሁት። ልሰብረው አላሰብኩም። ሰብሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። የፈለግሁት ለጥቂት ጊዜ እንዳይኖር ብቻ ነበር። በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት፣ በቃጫ አሰርኩት፣ ግማሽ በተሞላው ጉድጓድ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ቀበርኩት። እዚያ የገባ አይበላሽም። ሲበቃኝ አወጣዋለሁ አልኩ። እናቴ ከሰዓት በኋላ የቀረውን ሞላችበትና ድንጋይ ጫነችበት።

አባቴ ሦስት ቀን ፈለገው። የመጨረሻ ይዛው የነበረች አስቴር ነበረች፤ የፈረሰኛውን ልብስ ጠርዝ ላስተካክል ብላ ወደ ውጭ ብርሃን አውጥታው እንደነበር ጎረቤቶቹ አይተዋል።

«የት አስቀመጥሽው?» አላት።

«መደርደሪያው ላይ መለስኩት፣ አጎቴ።»

«መደርደሪያው ላይ የለም።»

«መልሼዋለሁ።»

አባቴ ልጅ አይመታም ነበር፣ አልጮኸባትምም። ያቺን የጥጃ ፀጉር ብሩሽ ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተታት፣ በዚያው ሳምንት መሀለኛው ወንበር ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። አስቴር አላለቀሰችም። ሌሊት ስትተነፍስ አዳምጥ ነበር፣ እንደ ወትሮው ትተነፍስ ነበር።

ከጥር ጀምሮ ፊት መቀባት ወደ እኔ ተመለሰ። እንደተመኘሁት ከአባቴ ጎን ተቀመጥኩ፣ ክርናችንም እንደ ድሮው ሊነካካ ምንም አይቀረውም ነበር። ግን አሁን ዓይን ምን እንደሚመስል አይቻለሁና ሁለት ጥቁር ነጥብ አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም። ነጩን አድርጌ ጥቁሩን ወደ ጎን ሳሳርፍ እጄ ይስታል። ጋሽ ጴጥሮስ አንዱን እግረኛ አንሥቶ፣

«ይኼ ልጅ ወደ ክሊኒክ ይምጣ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ አፍንጫውን እየጠበቁ ነው» አለ።

አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስቴር ውሃ ይዛ ስትገባ ወታደሩን ከሩቅ አይታ አልሳቀችም፣ ያ ከሳቁ ይልቅ አቃጠለኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አባቴ ነበር። ከጎኔ ተቀምጦ በየመሀሉ ቀና ይልና አዛዡ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ ያይ ነበር። እሷን ከወንበሩ አስነሥቻታለሁ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ግን ላስነሣት አልቻልኩም።

በበልጉ እናቴ በየጊዜው ጉድጓዱን ከፍታ ቅጠሉን ትቀይር ነበር። ያን ዓመት እኔ ካልቀየርኩ አልኩ። እናቴ ሥራ መውደዴ ገርሟት ለጎረቤቶች ታወራ ነበር። ቅጠሉን ሳነሣ እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ ጥቅሉን እነካው ነበር፤ እዚያው አለ። ከፋሲካ በኋላ አወጣዋለሁ አልኩ። ፋሲካ አለፈ። ቢወጣ አስቴር ወደ መስኮቱ ትመለሳለች፣ ባይወጣ እኔ እቀመጣለሁ፤ እንዲህ እያልኩ ቅጠሉን እየመለስኩ ድንጋዩን እጭንበት ነበር።

በክረምቱ እናቴ የሌላውን ጉድጓድ ቆጮ አምጥታ በዚሁ ላይ ጨመረችው። የትምህርት ቤቱን የክረምት ሰብል ለማረም ሄጄ ስመለስ ረግጣ ጨርሳው ነበር። ምሽት ላይ ሄጄ እጄን እስከ ትከሻዬ ብሰድደውም አላገኘሁትም። ታች ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስከረምን እንደሌላው ልጅ መጠበቅ ቀረ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር መስቀል ሲደርስ ያለ ቆጮና ያለ ቅቤ ቤት የለም፣ የከረመው ጉድጓድም እስከ ታች የሚከፈተው ያኔ ነው።

ስለዚህ ነው ግድግዳውን ተደግፌ የቆምኩት።

እናቴ እየቆረሰች ለአስቴር ታቀብላት ነበር። ወደ ታችኛው ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እዚህ ድንጋይ ገብቷል» አለች።

«ወርቅ ከሆነ ለሁለት ነው፣ ወይዘሮ ማርታ» አለ ጋሽ ጴጥሮስ ከበርጩማው። «እኔ ነኝ በመጀመሪያ ያየሁት።»

እናቴ ጥቅሉን አወጣችው። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ቃጫው ግን እንደነበረ ነበር። ቋጠሮውን አየችው። ከዚያ ቀና አለችና በሰዎቹ መሀል አሻግራ እኔን አየችኝ፤ ፊቷ ምንም አልተለወጠም። ቃጫውን መፍታት ትታ በጥርሷ በጠሰችው፣ እግሯ ሥር ጣለችውና ረገጠችው። ቅጠሉን ስትገልጠው ፈረሰኛው ወጣ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ ተቀበላት፣ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። እንጨቱ እንደ ወይራ ጠቁሮ ጠንክሯል፣ የፈረሱ እግር እንዳረፈ ነው፣ እኔ የለጠፍኩት ጭራም አለ። ፊቱ ግን አልነበረም። የቆጮው ኮምጣጣነት ጠመኔውን በልቶት፣ ዓይኑንም ቅንድቡንም ወስዶት፣ ልሙጥ እንጨት ብቻ ቀርቷል። እናቴ የነገረችኝ እውነት ነበር፣ እዚያ የገባ ቆጮ አይበላሽም። ስለ ጠመኔ ግን አልጠየቅኋትም።

«ማን አስገባው?» አለ አባቴ።

«ቅጠል ስንቀይር ገብቶ ይሆናል» አለች እናቴ። «ስንት ቅጠል ነው የሚገባ የሚወጣው።»

«ተጠቅልሎ?»

«ተጠቅልሎ» አለች እናቴ፣ እንደገናም ጎንበስ ብላ መቁረሷን ቀጠለች።

አባቴ ሁለተኛ አልጠየቃትም። ወደ አስቴር ዞረ። በሰው ፊት፣ የእሑድ ኮቱን እንደለበሰ፣ «አስቴር፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ» አላት።

እስከዚያ ቀን «አጎቴ» ነበር የምትለው። ቅጠሉን እንደታቀፈች፣

«ግድ የለም፣ አባባ» አለች።

አባቴ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። በድሎኝ ስለማያውቅ መሆኑ ይገባኛል፣ ያኔም ይገባኝ ነበር። ሆኖም እንዲህ ባለ ድምፅ አንድ ነገር እንዲጠይቀኝ ምነው በበደለኝ ብዬ እዚያው ቆሜ ተመኘሁ።

ብሩሿን ከኪሱ አወጣ። ዓመቱን ሙሉ ከኪሱ አላወጣትም ኖሯል። «እንግዲህ አንቺው መልሰሽ ቅቢው» አላት።

አስቴር ፈረሰኛውን አየችው። «እሱን አንዴ ነው የምችለው» አለች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞራ፣ «ዓለሚቱ ትቀባዋለች» አለች።

ደግነት ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም። አልቀባሁትም።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ አዛዡን እንዲሁ ያለ ፊት ከፈረሰኞቹ ፊት አቆመው። ጋሽ ጴጥሮስ ጥቂት አየውና «አዛዥ ፊት ምን ያደርግለታል፣ ከኋላው ያሉት የሚያዩት ጀርባውን ነው» ብሎ አጥንቱን ወረወረ። መሀለኛው ወንበር ተመለሰ። እኔም ዐሥራ ሁለተኛን እስክጨርስ ጋሻና ጭራ ሠራሁ። እናቴ ስለዚያ ቋጠሮ እስክትሞት አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ደብተሮቼን እንደማንኛውም ሰው ማሰር ጀመርኩ።

ትምህርቴን ስጨርስ በሾኔ በመዝገብ ቤት ሥራ አገኘሁ፣ እዚያው አገባሁ፣ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። አስቴር መምህርት ሆና ሆሳዕና ቀረች። አባቴ ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት፣ ወታደሮቹንም የተወው ለእሷ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴ «መጫወቻ ነው፣ ምን ያደርግልሻል» አለኝ። ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነህ አልኩት።

ቅዳሜ ለመነጽር ብዬ ሆሳዕና መጥቼ ስለነበር ከገበያው ወደ እሷ ቤት አለፍኩ። በዓመት ሁለቴ እንዲህ አደርጋለሁ። ወታደሮቹ ከሳሎኗ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በሁለት ወገን ተሰልፈዋል። የሮም ቀይ ወደ ቡኒ ሄዷል፣ ጂቪው ግን አሁንም ሐምራዊ ነው። ዝሆኑ እንደ ልማዱ ወደ ራሱ ሰዎች ዞሯል። የሚጫወትባቸው የለም፤ አባቴም ጋሽ ጴጥሮስም ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ።

«የልጅ ልጄ በስልክ አሳየችኝ» አለች አስቴር። «ውጭ አገር ይኼን የሚጫወቱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። አዳራሽ ተከራይተው። ለፊት ብቻ ሰባት ዓይነት ቀለም ይሸጣል አሉ።»

«ለእኛ አንድ ጠመኔ ይበቃን ነበር» አልኩ።

«ይበቃን ነበር» አለች።

ሻይ ስትቀዳ ስኒው ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ግራ እጇ ከሁለት ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣል። የእኔ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ ዛሬም ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንዴ አስገባለሁ። ያኔ የሁለታችንን እጅ እግዚአብሔር ቢለዋውጥልኝ ሌላ ምንም አልለምነውም ብዬ ነበር፤ አሁን ጸንቶ የቀረው እጅ የእኔ ነው፣ ከጎኑ የሚቀመጥ ግን የለም። ከቡፌው በላይ የአባቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። በእኔም ቤት አንድ አለ። የእሷ ላይ ፈገግ ብሏል፣ ይህን ባየሁ ቁጥር ዛሬም በሰባ ምናምን ዓመቴ ቤቴ ስገባ ሄጄ የእኔውን አያለሁ።

ሻዬን ጨርሼ ቀና ስል ከፈረሰኞቹ ፊት ያለው ቦታ ባዶ መሆኑን አየሁ።

«አዛዡስ?» አልኩ።

አስቴር ተነሥታ ከቡፌው መሳቢያ አንድ ነገር አወጣች። በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ ጣት የሚያህል። «ላንቺ ነው፣ ውሰጂው» አለች። «እኔ ከእንግዲህ አልቀባውም፣ አንቺ ደግሞ እጅሽ ደህና ነው።»

ጥቅሉን ተቀበልኩ። በነጭ ቃጫ ታስሯል። ቃጫው ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ኋላ ሾልኮ፣ ከሥር ተደብቋል።

አስቴር ስኒዎቹን ታነሣ ነበር።

«የሾኔው መኪና እንዳያመልጥሽ» አለችኝ።

ጥቅሉን ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።